የደሜ ቁጥርና የኽዱጅ ማሰሮ

ዙልቂዕዳ 9፣ ማክሰኞ

ጻፍ፣ ሚሉድ፤ ፍርድ ቤት ደጃፍ ለሰው እንደምትጽፈው። እኔ ቡሽታ ነኝ፣ ኽሊዕ ሠሪው፣ ሥጋ አድርቄ በማሰሮ የማቆይ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ማንበብም መጻፍም አልችልም፣ አላፍርበትምም። የተሰጣ ሥጋ በጣቴ ነክቼ ስንት ቀን ፀሐይ እንዳገኘው እናገራለሁ፤ ይህን የሚያውቅ የተማረ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ደብተሩን ያዘዘችው ዶክተር ኢልሃም ናት። የምበላውን ሁሉ በየቀኑ። መጻፍ አልችልም ስላት “የሚጽፍልዎ ሰው ይፈልጉ፣ ሐጂ” አለችኝ። ሐጅ አልሄድኩም። እሱንም ጻፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ጣሪያ ላይ ሥጋ ስሰቅል ደረቴን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። ቁጭ አልኩ፣ አለፈ። ጎረቤቴ ከጣሪያዋ አይታኝ ኖሮ ለልጄ ለዙሁር ደወለች። ዙሁር በማግስቱ ከካዛብላንካ ከተፍ አለች፣ እንደ ሕፃን እጄን ይዛ ወሰደችኝ፣ ደሜን ቀዱት። ወረቀቱ ላይ ሲአርፒ የሚሉት ነገር አለ። ሐኪሟ እንዳለችው፣ ሰውነት ሲቆጣ ይሄ ነገር ደም ውስጥ ይበዛል። ከላይ ቁስል ባይታይም የልብ ሥር ግድግዳው ከውስጥ ይቆጣል፣ የተቆጣ ግድግዳ ላይ ስብ ይለጠፋል፣ አንድ ቀን ይደፈንና ሰውየው ይወድቃል። ከአንድ በታች ደግ ነው፣ እስከ ሦስት ይሁን ይባላል፣ ከዚያ በላይ አደጋ። የእኔ ሰባት።

“ሰባት ጥሩ ቁጥር ነው” አልኳት። አልሳቀችም።

ሞራ የለም። ነጭ ዳቦ የለም። ሻይ ያለ ስኳር። ሰርዲን፣ ምስር፣ ባቄላ፣ አትክልት፣ የወይራ ዘይት፣ የገብስ ዳቦ። ክኒንም አለ። “እኔ እኮ ሥጋ በሞራ ቀቅዬ በማሰሮ የማሽግ ሰው ነኝ” አልኳት። “ይሥሩ። አይብሉ” አለችኝ።

ዙሁር ደግሞ እዚያው ፊቷ፦ “ቁጥሩ ከሦስት በታች ካልወረደ ቤቱን ዘግተህ ከእኔ ጋር ትኖራለህ። ማልልኝ፣ አባዬ።” ማልኩላት። ዝም እንድትል ብዬ ነው የማልኩት፣ መሐላ ግን መሐላ ነው። እዚህ ቤት ተወልጃለሁ። ሚስቴን ኽዱጅን ያስገባሁት በዚህ በር ነው፣ ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ያወጣኋትም በዚሁ በር ነው። እኔም የምወጣው በሰው ትከሻ ነው እንጂ በካዛብላንካ ባቡር አይደለም።

ዛሬ የበላሁት፦ ጠዋት የገብስ ዳቦ በወይራ ዘይት። ሌላ ምንም። ቀን ምስር። ማታ የባቄላ ሾርባ ከከሙን ጋር። ሌላ ምንም አልኩህ እኮ፣ ምን ታየኛለህ?

ዙልቂዕዳ 10

ቸኩያለሁ፣ ሥጋው ፀሐይ ላይ ነው። ሰርዲን አምስት። ቲማቲም። የገብስ ዳቦ፣ አፈር አፈር የሚል። ጠዋት ያው፣ ሌላ ምንም።

ዙልቂዕዳ 12፣ ዓርብ

ኩስኩስ። ከመስጊድ ስመለስ ራሴ ሠራሁት። በእንፋሎት ሦስት ጊዜ አወጣሁት፣ በእጄ ፈታሁት፣ ዱባና ካሮት ጫንኩበት፣ ሥጋ አልጨመርኩበትም። ሳህኑ የድሮው ትልቁ ሳህን ነው፤ ትንሽ ሳህን ቤት ውስጥ የለም። ከአንዱ ጠርዝ በላሁ፣ ሌላው ጠርዝ እንዳለ ቀረ። የቀረውን ለድመቶች ሰጠሁ። የመንደሩ ድመቶች ዓርብን ያውቃሉ።

ኩስኩስ ለአንድ ሰው አይሠራም። እጅ ልኩን አያውቀውም። ይህ ቅሬታ አይደለም፣ ስለ ሥራው ነው የምናገረው።

ዙልቂዕዳ 14

የሠፈሩ ዳቦ መጋገሪያ ደጃፍ ዳቦዬን ስጠብቅ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ያወራሉ። አልሰማ የመሰላቸው ለምን እንደሆነ አላውቅም።

“ቡሽታ ኽሊዕ ተከለከለ አሉ።”

“እሱ የማይበላውን እኛ ልንበላ ነው?”

ዞሬ “እመቤቴ፣ ማሰሮሽን መልሺልኝ፣ ለሚበላ ሰው እሰጠዋለሁ” አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን አልሳቅሁም።

ጨውን ሳይቀምሱ እንዴት ያውቁታል? ዛሬ ድስቱ ሲፈላ ምላሴን ብቻ አስነካሁ።

ሚሉድ “ምላስህ ዳቦ ይዛ ነበር?” ይለኛል። ያልኩህን ጻፍ። አንተ ጸሐፊ ነህ፣ ዳኛ አይደለህም። አርባ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ስትቀመጥ ልዩነቱ ጠፋብህ እንዴ?

ጠዋት፦ ዳቦና ዘይት። ሌላ ምንም።

ዙልቂዕዳ 16

ዙሁር ደወለች።

“አባዬ፣ ምን በላህ?”

“ምስር።”

“እውነትህን ነው?”

“ተጽፏል።”

“እኔ ቤት ያለውን ክፍልህን ቀለም አስቀባሁት። መስኮቱ ወደ ባሕር ነው።”

“ባሕር ምን ያደርግልኛል? አሣ አጥማጅ ነኝ?”

ከኋላዋ ልጆቿ ሲሯሯጡ፣ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማኛል። ራት ሊቀርብ ነው መሰለኝ። “በል አባዬ፣ ልዝጋ” አለች። እኔ የምለው ነበረኝ። ምን እንደነበረ አሁን ጠፋኝ።

የፊታችን ቅዳሜ ደም ይቀዳል።

ዙልቂዕዳ 18

ትናንት የወሩ አሥራ ሰባተኛ ቀን ነበር። የወሩ አሥራ ሰባት የዋግምት ቀን ነው፤ አባቴም አያቴም በዚህ ቀን ነበር ደም የሚያወጡት። ማዕጢ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄጄ ጀርባዬን ሰጠሁት።

“ለቅዳሜው ወረቀት ነው አይደል?” አለኝ ምላጩን እየሳለ።

“ምን አገባህ?”

“መጥፎውን ደም እኔ ካወጣሁት ለሐኪሞቹ ምን ይተርፋቸዋል? ጥሩውን ይቀዱና በቁጥር ይደናገራሉ።”

ልክ ነው ብዬ አሰብኩ። ስምንት ቦታ ቀደደ፣ ስምንት ቀንድ ጣለብኝ። ደሙ ጥቁር ነበር። ስነሳ ቀለለኝ።

ለሐኪሟ ይህን አትጻፍ። ምግብ አይደለም። ደብተሩ የምግብ ነው።

ምን? ጻፍኩት ነው የምትለው? ሰርዘው። በል ተወው፣ ስርዝ ካየች ትጠይቃለች። ከተጠየቅህ ስለ ሌላ ሰው ነው በል። አይ፣ ገጹን ቅደደው። ቀደድከው? እሺ፣ አጥፈህ ኪስህ ውስጥ ክተተው። ኪስህ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አላውቅም እንጂ።

ዙልቂዕዳ 20

ደም ተቀዳ። ጀርባዬ ይለበልበኛል። ምስር። ሌላ የለም።

ዙልቂዕዳ 22፣ ሰኞ

አርባ አንድ።

ሐኪሟ ወረቀቱን ሁለቴ አየችው። “ጉንፋን ይዞዎታል? ጥርስ ያምዎታል? ቁስል አለ የትም ቦታ?” የለም፣ የለም፣ የለም አልኩ። ዙሁር በስልኩ ትሰማለች፤ ሐኪሟ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጮክ አድርጋ አስቀምጣዋለች። “አርባ አንድ?” አለች ዙሁር። “አባዬ፣ ምንድን ነው ስትበላ የከረምከው?” ማልቀስ ጀመረች። ለዒድ እመጣለሁ፣ ካርቶን ይዤ ነው የምመጣው አለች። መሐላዬን አስታወሰችኝ። አስታዋሽ አያስፈልገኝም።

ሐኪሟ ደብተሩን እዚያው አንብባ መለሰችልኝ። ሚሉድ ሲገልጠው ቅንድቡ ተነሳ።

“በቀይ ጽፋለች።”

“ምን ብላ?”

“ከማን ጋር።”

“ምኑን?”

“ምሳውን። ራቱንም። በያንዳንዱ ቀን ጎን ጽፋዋለች። ከማን ጋር፣ ከማን ጋር፣ ከማን ጋር።”

ሐኪም ናት ወይስ የጋብቻ ሽማግሌ? ምስር ከማንም ጋር ቢበላ ምስር ነው። ምንም እንዳትመልስላት። ባዶውን ተወው።

ዙልቂዕዳ 25

ይህን የምናገረው አልጋዬ ላይ በደረቴ ተኝቼ ነው። ሁለት ቀን ሚሉድ ጋ አልሄድኩም። ዛሬ ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ መጣ።

“ሞትክ ብዬ ደብተሩን ልዘጋው ነበር።”

“ዝጋውና ሂድ።”

“ሸሚዝህን ጀርባህ ላይ ምን አጣበቀው?”

“ላብ።”

“ላብ ቢጫ ሆነ እንዴ በዚህ ዘመን?”

ውኃ አፈላ። ሸሚዙን እያራሰ አላቀቀው። እጁ የጸሐፊ እጅ ነው፣ ማኅተም የሚመታ ይመስል ይጫናል። ጮህኩ። የጮህኩት በቁጣ ነው። ስምንቱም ቦታ መግል ይዟል አለኝ።

“ቁስል አለ ወይ ብላ አልጠየቀችህም?”

“ጠይቃለች።”

“እና?”

“የለም አልኳት። አለ ብላት ሸሚዝ ያውልቁ ልትለኝ ነው። ደግሞ ዋግምት አስደርጌ መሄዴን ብትሰማ፣ ሽማግሌው ወረቀቱን ሊያታልል ሞከረ ትላለች።”

“ሞክረሃል እኮ።”

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

“ስማ ቡሽታ። አርባ አንዱ የማዕጢ ምላጭ ነው፣ ያንተ ልብ አይደለም። ንገራትና ይሰረዝልሃል። ዝም ካልክ ዙሁር በካርቶን ትወስድሃለች።”

“አልነግራትም።”

ብዕሩን ኪሱ ከተተ። ተነሳ። “አርባ ዓመት የፍቺ ጻፍኩ፣ የውርስ ጻፍኩ፣ የስድብ ደብዳቤም ጻፍኩ። የሐሰት ምስክር ግን ጽፌ አላውቅም። ሌላ ጸሐፊ ፈልግ” አለኝ። ደረጃውን ሲወርድ ቆጠርኩ። ሃያ ሁለት ደረጃ ነው ያለው። አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርስ ጠራሁት።

ሌላ ጸሐፊ ሞልቷል። ግን በዚህ ፀሐይ ማን ፍለጋ ይወጣል?

ያችን የቀደድካትን ገጽ ከኪስህ አውጣና መልሰህ ለጥፋት። እና ሌላም አለ። እስካሁን “ሌላ ምንም” ያልኩበት ሁሉ ውሸት ነው። ጓዳ ውስጥ አንድ ማሰሮ አለ። ኽዱጅ በመጨረሻው ክረምቷ ያሸገችው ነው። እኔ እቀቅላለሁ፣ ማሸግ የእሷ ሥራ ነበር፤ ሞራው ከመርጋቱ በፊት ከላይ የብርቱካን ቅጠል ታስቀምጥበታለች፣ ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። እኔ በየጠዋቱ ከዚያ አንድ ማንኪያ አወጣለሁ፣ ሁለት እንቁላል እሰብርበታለሁ። ለጨዉ ነው። የእሷ ጨው ልኩን ያውቃል። ሌላ ነገር የለበትም።

“የምን ሞራ ብዬ ልጻፍላት?” አለኝ ሚሉድ። ድምፁ ተለውጧል።

የኽዱጅ ብለህ ጻፍ።

ዙልቂዕዳ 26፣ ዓርብ

ሚሉድ ደግፎ ወሰደኝ። ሐኪሟ የትናንቱን ገጽ ቆማ አነበበችው። ሸሚዜን አወለቀች፣ ቁስሉን ጠረገች፣ የመግል ክኒን ለአሥር ቀን ሰጠችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። “አርባ አንዱን ይርሱት። ሰባቱን ግን አይርሱ። ቁስሉ ይዳን፣ የዛሬ ስድስት ሳምንት ገደማ እንቀዳለን። ማሰሮው እስከዚያ ከቤት ይውጣ” አለችኝ።

ማሰሮውን ለሚሉድ ሰጠሁት። ከመቀመጫው ሥር አስገባው።

ራት፦ የባቄላ ሾርባ። ከማን ጋር፦ ምን አገባት።

ዙልሒጃ 3

ጠዋት ጠዋት ሚሉድ ጋ እሄዳለሁ። ማሰሮውን ሰው እንዳይሰርቀው ለማየት ነው። ትንሽ እቀመጣለሁ። ደንበኞቹ ጠበቃ እየመሰልኳቸው ጉዳያቸውን ይነግሩኛል፤ አንዷን ባሏን እንድትፈታው መከርኳት። ሚሉድ ደሙ ፈላ።

ቤት ውስጥ ጠዋቱ ረዘመ። እንቁላሉ ያው እንቁላል ነው፣ በወይራ ዘይት ነው የምጠብሰው፣ ይበላል። ግን ጓዳ የምገባበት ምክንያት አጣሁ። እጄ ሄዶ መደርደሪያውን ይነካል፣ ባዶ ክብ ምልክት ነው ያለው፣ ማሰሮው የተቀመጠበት። አቧራ እንዳይይዘው ጠራርጌዋለሁ።

ዙልሒጃ 11፣ ከዒድ ማግስት

ዙሁር ከባሏና ከሁለቱ ልጆቿ ጋር መጣች። ካርቶኖቹ ታጥፈው መኪናው ውስጥ አሉ፤ አየኋቸው፣ ያላየሁ መሰልኩ። ስለ ዋግምቱ ሐኪሟ በስልክ ነግራታለች። “እስከሚቀጥለው የደም ምርመራህ፣ እስከ ሙሐረም እጠብቃለሁ፣ መሐላው ግን እንዳለ ነው” አለችኝ።

ትናንት በጉ ታረደ። ጉበቱን በራሱ ስብ ጠቅልዬ እየጠበስኩ ሳለ ዙሁር ደብተሩን አንስታ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ሙሉውን አነበበችው። አልከለከልኳትም፣ እጄ ፍም ላይ ነበር።

“ማሰሮው የት ነው?” አለችኝ ስትጨርስ።

“ሚሉድ ጋ።”

“እማዬ ያሸገችው እንደቀረ አልነገርከኝም።”

“አልጠየቅሽኝም።”

“አንድም የቀረ ነገር የለም ብዬ ነበር እኮ፣ እጇ የነካው። ሻርፗን እንኳ አጥበህ ነው የሰጠኸኝ።”

ዓይኗ ረጥቦ ነበር። የጉበቱ ጢስ ወደሷ ይነፍስ ነበርና ይሆናል። ሻርፑን ያጠብኩት ንጹሕ ይሁን ብዬ ነበር። ሰው ቆሻሻ ነገር ለልጁ ይሰጣል?

አንድ ዘንግ ጉበት ብቻ በላሁ፣ ጻፈው፣ አንድ። ከማን ጋር፦ ከዙሁር፣ ከባሏ፣ ከልጆቹ። ሳህኑ ከአራቱም ጠርዝ ተበላ።

ዙልሒጃ 13

ሄዱ። ካርቶኖቹንም ይዘው።

ምስር።

ዙልሒጃ 21

ቁስሉ ደርቋል። ደረቴ አልያዘኝም። ማሰሮ ያዘዙኝን አሥራ አራት ቤቶች ጨረስኩ፤ ጨዉን ሚሉድ ቀመሰልኝ፣ ምን ያውቃል እሱ፣ ሁሉም ጥሩ ነው ይላል። እንዲህ አይባልም፣ ምላስህ ጥግ ላይ ይቆነጥጥሃል ወይ ብዬ አስተማርኩት። በሦስተኛው ድስት ገባው። ከላይ የብርቱካን ቅጠል አደረግሁ። ለምን እንዳደረግሁ እኔም አላውቅም።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። ያን ሁሉ ጠዋት ብቻዬን በላሁት። ልጄ ካዛብላንካ ተቀምጣ እናቷ አለቀች ብላ ታስባለች፣ እኔ እዚህ በማንኪያ አወጣለሁ። ይሄ የሐኪሟ ጉዳይ አይደለም። ግን ጻፈው።

ሙሐረም 7፣ ረቡዕ

ሁለት ነጥብ አራት።

ሐኪሟ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው፣ እንደማላነብ ረስታ ነው። “ክኒኑን አይተዉ፣ ዘይትና ሰርዲንዎን አይተዉ። ቤትዎን ግን ይዘዋል፣ ሐጂ” አለችኝ። ደብተሩ ከእንግዲህ አያስፈልግም አለች። ሐጅ አልሄድኩም አላልኳትም ዛሬ።

ከሚሉድ ስልክ ለዙሁር ደወልኩ።

“ሁለት ነጥብ አራት” አልኳት።

“እልል! እውነትህን ነው?”

“ወረቀት አይዋሽም።”

“በቃ አሸነፍክ፣ አባዬ። ከእንግዲህ አልጨቀጭቅህም። ክፍሉን ለልጆቹ ማጥኛ አደርገዋለሁ።”

“አድርጊው።”

“ደስ አላለህም?”

“ደስ ብሎኛል” አልኩ።

ከዚያ ቤቴ ሄድኩ። ቤቴ ነው፣ ማንም አይነካኝም። ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጥኩ። የጎረቤት ውኃ ሲወርድ በግድግዳው ይሰማል። ጥላው ከምንጣፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ሲሄድ አየሁት። ምንም አልተፈጠረም። ተነስቼ ሚሉድ ጋ ተመለስኩ።

“ማሰሮዬን አምጣ።”

ሰጠኝ። ከታቹ ሁለት ጣት ታህል ቀርታለች።

“ነገ ትመጣለህ?” አለኝ።

“ደብተሩ አልቋል እኮ። ሐኪሟ አያስፈልግም ብላለች።”

ገልጦ ቆጠረ። “ሦስት ገጽ አለው” አለኝ። “ባዶ ወረቀት መጣል ነውር ነው።”

ሙሐረም 9፣ ዓርብ

የዛሬው የእጅ ጽሑፍ የሚሉድ አይደለም፣ የዙሁር ነው። የሚሉድ ፊደል ይጋደማል አሉኝ፣ ይሄ ይቆማል ይላሉ። ለእኔ ያው ነው።

በጠዋቱ ባቡር ካዛብላንካ መጣሁ፣ ማሰሮውን በጉልበቶቼ መሀል ይዤ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰው ወርቅ የያዝኩ መስሎት ዓይኑን አልነቀለም። ዙሁር በሩን ስትከፍት ደነገጠች።

“ምን ሆንክ፣ አባዬ? አመመህ?”

“ምንም አልሆንኩም። ቁጥሬ ሁለት ነጥብ አራት ነው። ማንም አስገድዶኝ አልመጣሁም፣ ይሄ ይታወቅ። ዓርብ ነው ብዬ ነው የመጣሁት።”

ማሰሮውን ሰጠኋት። ክዳኑን አንስታ አፍንጫዋን አስጠጋች፣ ቆየች። የብርቱካን ቅጠሉን ከታች፣ በማንኪያዬ ተገፍቶ የወረደውን፣ አገኘችው። “ይሄን እኮ እኔ ነበርኩ የምቆርጥላት፣ ትንሽ ልጅ እያለሁ” አለች። “ሥራ እንዳይመስለኝ፣ ጨዋታ ነው ትለኝ ነበር።” ለካ ቅጠሉ ልጅ ማጫወቻ ነበር። ሃምሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ አልጠየቅኋትም።

ጻፊ። ምሳ፦ ኩስኩስ በሰባት አትክልት። ከማሰሮው የመጨረሻው፣ ለአምስት ሰው ተካፍሎ፣ ለእኔ የደረሰኝ ጥፍር ታህላለች፤ ሐኪሟ ብትቆጣ ትቆጣ። ታቹን ዙሁር በነጭ ዳቦ ጠረገችው። እሁድ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ፣ ለሚሉድ ሁለት ገጽ ቀርቶለታል። በሚመጣው ዓርብ ደግሞ እናያለን።

ከማን ጋር፦ ምነው ቆምሽ? ጻፊ እንጂ ልጄ። ስምሽን ጻፊ።